የደንበኛ መዝገብን በሥራ ዘርፎች መካከል ማጋራት፦ ማን ይየው፣ ማንስ ያርመው?

(የመድረክ ውይይት፤ ከእያንዳንዱ መልእክት በላይ ያለው የጸሐፊው መጠሪያ ስም ነው።)

የሲስተም ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ሦስት የሥራ ዘርፎች አሉት፤ አንደኛው መሣሪያ ይሸጣል፣ ሁለተኛው የተሸጠውን ይጠግናል፣ ሦስተኛው ደግሞ መሣሪያውን በኪራይ ወይም በረጅም ጊዜ ክፍያ ለሚወስዱ ደንበኞች ፋይናንስ ያቀርባል። የምንጠቀመው የማይክሮሶፍት የደንበኛ መዝገብ ሲስተም የሆነውን ዳይናሚክስ 365 ሲሆን፣ ሲስተሙ ሲተከል እያንዳንዱ ዘርፍ ራሱን የቻለ ቢዝነስ ዩኒት (በሲስተሙ ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል) ሆኖ ተዋቅሯል። የሠራተኞቹ ሴኩሪቲ ሮልም (የፈቃድ ዝርዝራቸው) እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዘርፍ መዝገብ ብቻ እንዲያዩ ተደርጎ ተሠርቷል። ውጤቱ ያው አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ፣ ሦስት ስልክ ቁጥርና ሦስት አድራሻ ይዞ መገኘቱ ነው።

ጉዳቱ በየቀኑ ይታያል። የጥገና ባለሙያው ደንበኛው ዘንድ ሲሄድ የሽያጭ ክፍሉ በዚያው ሳምንት ትልቅ ውል ለመፈራረም እየተደራደረ መሆኑን አያውቅም። ፋይናንስ በበኩሉ ክፍያ ላዘገየ ደንበኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ደንበኛው ገንዘቡን የያዘው ማሽኑ ተበላሽቶ ጥገናው ስለዘገየበት መሆኑን የሚጠቁም አንድም ነገር አይታየውም። አመራሩ የደንበኛውን ጉዳይ በሙሉ በአንድ ገጽ ማየት እንደሚፈልግ ደጋግሞ ተናግሯል፤ የሽያጭ ኃላፊው ደግሞ ደንበኞቹን ማንም እንዳይነካበት በጽሑፍ ጠይቋል።

በበኩሌ ሦስት መንገዶችን አስቤያለሁ። የመጀመሪያው ለሁሉም ሠራተኛ በደንበኛ ሠንጠረዥ ላይ በመላው ድርጅት ደረጃ ሙሉ ፈቃድ መስጠት ነው። ሁለተኛው አሁን ያለውን አጥር ሳልነካ፣ የጋራ የሆኑትን ደንበኞች መዝገብ ባለቤቶቻቸው አንድ በአንድ ሼር እንዲያደርጉ ማዘዝ ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን መዝገብ እንደያዘ፣ ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ የጋራ መለያ ቁጥር ብቻ መፍጠር ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የማያስቆጨው የትኛው እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ደመና ላይ፦

ሰላም። ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ማየትንና ማረምን ቢለያዩ ይሻላል፤ የመጀመሪያው አማራጭዎ አስፈሪ የሚመስለው ሁለቱን አንድ ላይ ስለከፈተ ነው። የዳይናሚክስ መዝገቦች በሚቀመጡበት በዳታቨርስ ውስጥ እያንዳንዱ የደንበኛ መዝገብ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ አንድ ተጠቃሚ ወይም አንድ ቡድን ሲሆን፣ መዝገቡም የአንድ ቢዝነስ ዩኒት ንብረት ሆኖ ይቀመጣል። በሮሉ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ የመፍጠር፣ የማንበብ፣ የማረም፣ የመሰረዝ፣ የአፔንድ (መዝገቡን ከሌላ መዝገብ ጋር የማያያዝ)፣ የአፔንድ ቱ (ሌላ መዝገብ በእሱ ላይ የማያያዝ)፣ ባለቤት የመቀየርና የማጋራት ፈቃዶች አሉ። ስምንቱም ለየብቻቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደረጃውም የራስን ብቻ፣ የራስን ዘርፍ፣ የራስን ዘርፍ ከሥሩ ካሉት ጋር፣ ወይም መላውን ድርጅት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንበብን ለመላው ድርጅት ከፍቶ፣ ማረምን በየዘርፉ መገደብ ሮሉ ላይ ጥቂት ምልክቶችን የመቀየር ያህል ቀላል ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አፔንድ ቱ የሚባለውን ነው። የጥገና ሠራተኛዋ ማንበብ ስለተፈቀደላት የደንበኛውን መዝገብ ከፍታ ስሙንም ስልኩንም ታያለች፤ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላታል። አዲስ የጥገና ጥያቄ ከፍታ፣ ያንኑ ደንበኛ መርጣ “አስቀምጥ” ስትል ግን ሲስተሙ ፈቃድ የለሽም ብሎ ይመልሳታል። ምክንያቱም አንድን የጥገና ጥያቄ ከደንበኛ ጋር ለማያያዝ በጥገና ጥያቄው ላይ አፔንድ፣ በደንበኛው ላይ ደግሞ አፔንድ ቱ ሊኖራት ይገባል፤ ሁለተኛው በዘርፏ ደረጃ ብቻ ከተሰጣት የሌላ ዘርፍ ደንበኛ ላይ ምንም ማያያዝ አትችልም። ይህ ስህተት ሲመጣ ብዙ አድሚኖች በጭንቀት የማረም ፈቃድን ለሁሉም ይከፍታሉ፤ አጥሩ የሚፈርሰው በአብዛኛው በዚህች ሰዓት ነው።

ሁለተኛ ዙር፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ሼር ግን አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ የእጅ ማጋራት ፒኦኤ ተብሎ በሚጠራው፣ የትኛው መዝገብ ለማን እንደተጋራ በሚይዘው የውስጥ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። የደንበኛው መዝገብ ሲጋራ ደግሞ በግንኙነቱ አወቃቀር መሠረት ከሥሩ ያሉት ተግባራት፣ ጥያቄዎችና ሌሎች መዝገቦችም አብረው ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ አንዲት ጠቅታ ብዙ መስመሮችን ታስከትላለች። ሠንጠረዡ በጣም ሲያብጥ ዝርዝር መክፈትና መፈለግ ይዘገያል። ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማን ምን እንደሚያይ በአንድ ቦታ ተጽፎ አለመገኘቱ ነው። ሮል ከሆነ ከፍተው ያነቡታል፤ በየሰዉ እጅ የተሰጠ ማጋራት ግን ሠራተኛው ወደ ሌላ ዘርፍ ከተዛወረ በኋላም እዚያው ይቀራል፤ አስታውሶ የሚሰርዘውም የለም።

የግድ ማጋራት ካስፈለገ ለሰው ሳይሆን ለቡድን ይጋራ። አክሰስ ቲም የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው፤ በአንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ ከሦስቱም ዘርፎች የተውጣጡ ሰዎች አብረው ሲሠሩ፣ የመዝገቡ ባለቤት ሳይቀየር ለእነዚያ ሰዎች ብቻ የማረም መብት ይሰጣል። ለጥቂት ደንበኞች ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ለመላው የደንበኛ ዝርዝር ግን አይሆንም።

ኢአርፒ ቤት፦

ውይይቱ በፈቃድ ላይ ብቻ እንዳይቀር እሰጋለሁ፤ የጥያቄው ሥር ያለው መዝገቡ በተሠራበት አኳኋን ላይ ይመስለኛል። ከዳይናሚክስ በፊት የነበሩት ትልልቅ ሲስተሞች ይህንን ጉዳይ የፈቱት የደንበኛውን መዝገብ በንብርብር በመክፈል ነው፤ ሦስቱን ማየቱ ለጠያቂያችን የሚጠቅም መሰለኝ።

ኤስኤፒ በተባለው የድርጅት ሲስተም ክላሲክ አሠራር የደንበኛው ዳታ ሦስት እርከን አለው። አጠቃላዩ እርከን ስሙን፣ አድራሻውንና የግብር መለያ ቁጥሩን ይይዛል፤ ይህ ለሁሉም የጋራ ነው። ሁለተኛው እርከን በካምፓኒ ኮድ (የራሱን ሒሳብ በሚይዝ ኩባንያ) የሚለያይ ሲሆን፣ ደንበኛው በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘገብና በምን ያህል ቀን እንደሚከፍል የሚወሰነው እዚህ ነው። ሦስተኛው የሽያጭ አካባቢ ይባላል፤ የሽያጭ ድርጅቱን፣ የስርጭት መንገዱንና የምርት ዘርፉን ያጣመረ ሲሆን፣ የዋጋ ቡድንን፣ የመላኪያ ሁኔታንና የመገበያያ ገንዘብን ይይዛል። ደንበኛው አንድ ቁጥር አለው፤ አዲስ ዘርፍ ከእሱ ጋር መሥራት ሲጀምር አዲስ ደንበኛ አይፈጠርም፣ ነባሩ ደንበኛ ለዚያ የሽያጭ አካባቢ ይዘረጋለታል። በአዲሱ የኤስኤፒ ትውልድ በኤስ/4 ሃና ደግሞ ደንበኛውም አቅራቢውም ቢዝነስ ፓርትነር በሚባል አንድ መዝገብ ሥር ገብተው በሮል ተለይተዋል፤ ንብርብሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

በሁለተኛው ሲስተም፣ በኦራክል ኢ-ቢዝነስ ስዊት ውስጥ ያለው አስተሳሰብ ተቀራራቢ ነው። ፓርቲ ማለት በዓለም ላይ ያለው ድርጅት ወይም ሰው ራሱ ነው፤ አካውንት ማለት እኛ ከእሱ ጋር ያለን የንግድ ግንኙነት ነው፤ የአካውንት ሳይት ደግሞ ያ ግንኙነት በአንድ አድራሻ ላይ የሚያርፍበት ነው። ፓርቲውና አካውንቱ ለሁሉም ኦፐሬቲንግ ዩኒት (በሲስተሙ ውስጥ ላለ የሥራ ክፍል ሁሉ) የሚታዩ ሲሆኑ፣ የሚከፋፈለው ሳይቱ ነው። አንድ ዩኒት አካውንቱን እያየ በራሱ በኩል ሳይት ካልተፈጠረለት ኢንቮይስ መላክ አይችልም። አዲስ ሠራተኞች በዚህ ግራ ይጋባሉ፤ ደንበኛው “አለ ግን የለም” የሚሉት ነገር ነው።

ሦስተኛው ሲስተም፣ ፒፕልሶፍት፣ በሌላ መንገድ ሄዷል። ሴትአይዲ የሚባል ቁልፍ አለው፤ ሁለት ቢዝነስ ዩኒቶች የአንድ ቡድን ሠንጠረዦችን በአንድ ሴትአይዲ እንዲያነቡ ከተደረገ ደንበኞቻቸው የጋራ ይሆናሉ፣ ሦስተኛው በሌላ ሴትአይዲ ከቆመ የራሱን ብቻ ያያል። የክፍያ ውልን ለመሰሉ የጋራ ዝርዝሮች ይህ እጅግ ያማረ አሠራር ነው። ለደንበኛ ግን ሸካራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዝርዝሩን በጅምላ ትጋራላችሁ ወይም በጅምላ ትለያያላችሁ፣ ይህን ደንበኛ ብቻ የሚባል መሐል መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ከሦስቱ የምወስደው ይህን ነው፦ ደንበኛው ማን እንደሆነ የሚገልጸው ክፍል የማንም ዘርፍ ንብረት አይደለም፤ ከእሱ ጋር በምን ሁኔታ እንደምንሠራ የሚገልጸው ክፍል ግን የየዘርፉ ነው። በዳይናሚክስ ውስጥ ይህን ለመሥራት በደንበኛው ሥር አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ መፍጠር ይበቃል፤ የየዘርፉ የክፍያ ጊዜ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የዱቤ ሁኔታና ተጠሪ ሠራተኛ እዚያ ይገባል። የዚያ ሠንጠረዥ መስመሮች ባለቤት የየዘርፉ ቡድን ስለሚሆን አጥሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው፣ ዋናው የደንበኛ መዝገብም ነጻ ይወጣል።

የሲስተም ሰው፦

ኢአርፒ ቤት፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ ሦስተኛው አማራጬ ለምን እንደከበደኝ አሁን ገባኝ፤ ሦስት ሙሉ መዝገብ በቁጥር ማሰር ድግግሞሹን ሕጋዊ ማድረግ ብቻ ነው። ግን የጋራ የምንለው ክፍል ራሱ ያጣላናል። ባለፈው ጊዜ በሙከራ ሁለት ዘርፎች በጥቂት ደንበኞች ላይ አብረው እንዲያርሙ ፈቅደን ነበር። የጥገና ክፍሉ ማሽኑ የተተከለበትን ቦታ ትክክለኛ አድራሻ አገኘና ዋናው የአድራሻ ሳጥን ውስጥ አስገባው፤ ለእሱ ሥራ ፍጹም ትክክል ነው። በወሩ መጨረሻ ኢንቮይሱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መሄዱ ቀርቶ ማሽኑ ወዳለበት መጋዘን ሄደ፣ እዚያ ያለው ጥበቃ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፣ ፋይናንስም ደንበኛው አልከፈለም ብሎ አገደው። ሦስቱም ክፍሎች ሥራቸውን በአግባቡ ሠርተዋል። እንግዲህ አድራሻውን ማን ያርመው?

መዝገብ አጥሪ፦

ማን ያርመው ከማለት በፊት ስንት አድራሻ አለ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። እናንተ ዘንድ አንድ ሳጥን ለሦስት የተለያዩ ነገሮች እየዋለ ነው። ኤስኤፒ ትእዛዝ ሰጪውን፣ ዕቃ ተቀባዩን፣ ኢንቮይስ ተቀባዩንና ከፋዩን አራት የተለያዩ ሚናዎች ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አራቱም አንድ ድርጅት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አራት የተለያዩ ድርጅቶችም ሊሆኑ ይችላሉ። እናንተም የተመዘገበ ዋና አድራሻ፣ የኢንቮይስ አድራሻና የተከላ ቦታ ብላችሁ ብትለዩ፣ የመጀመሪያው የጋራ ይሆናል፣ ሁለተኛው የፋይናንስ፣ ሦስተኛው የጥገና ይሆናል። ጠቡም አብዛኛው በዚያው ያልቃል።

የቀረው እውነተኛ የጋራ ክፍል ሕጋዊ ስሙ፣ የግብር መለያ ቁጥሩ፣ የተመዘገበ አድራሻውና ከእናት ድርጅቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በተደጋጋሚ አይቀየሩም። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቢያርሟቸውና ሌላው ሠራተኛ የለውጥ ጥያቄ ቢያቀርብ የሚዘገይ ሥራ የለም። እነዚያ ሰዎች የማንም ዘርፍ ካልሆኑ በተለይ ደስ የሚለው ማንም የለም፤ የሚከፋም ግን አይኖርም።

ስለ ማዋሃድ ልጨምር። ዳይናሚክስ ሁለት መዝገቦችን ሲያዋህድ አንዱን ዋና ያደርጋል፣ ሌላውን ሥራ ላይ እንዳይውል ይዘጋዋል፤ በተዘጋው ሥር የነበሩትን ጥያቄዎች፣ ተግባራትና ተጠሪዎችም ወደ ዋናው ያዛውራል። ወደኋላ መመለሻ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ አታዋህዱ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው እናትና ልጅ ድርጅቶች ሁለት የተለያዩ ከፋዮች ናቸው። የግብር መለያ ቁጥሩ ከተመሳሰለ በጅምላ ማዋሃድ ይቻላል፤ ስምና ስልክ ብቻ የተመሳሰሉትን ሰው ይያቸው፤ ስም ብቻ የተመሳሰሉትን ደግሞ ለጊዜው ተዋቸው። የየዘርፉ አሮጌ ቁጥር በአንድ የማጣቀሻ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከውጭ ሲስተም የሚመጣ ፋይል ለረጅም ጊዜ አሮጌውን ቁጥር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ሽያጭ ላይ ነኝ፦

ከሲስተም ባለሙያዎች መካከል እንደ ሽያጭ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ሁላችሁም የሽያጭ ኃላፊውን ግትር አድርጋችሁ ያያችሁት ይመስለኛል። እሱን የሚያስፈራው የደንበኛው ስም መታየቱ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላው ዘርፍ ያልተፈረመ ውል አይቶ ደንበኛውን ቀድሞ ማነጋገሩ፣ ወይም የጥገና ሰው ቅናሽ እንደሚሰጥ አንብቦ በቅን ልብ ለደንበኛው መንገሩ ነው። ይህ ደርሶ አይቻለሁ። ኮሚሽኑ በመዝገቡ ባለቤትነት የሚሰላ ከሆነ ደግሞ መዝገብ መክፈት ማለት ለእሱ ደመወዙን ለድርድር ማቅረብ ነው። እንዲህ ያለ ኃላፊ ስጋቱን የሚሰማው ሲያጣ ምን ያደርጋል? ትክክለኛውን መረጃ በግሉ ኤክሴል ይይዝና ሲስተሙ ውስጥ ባዶ መዝገብ ይተዋል። ያን ጊዜ የምታጋሩት ነገር አይኖርም።

የእኔ ሐሳብ ደንበኛው ይታይ፣ ውሉ አይታይ የሚል ነው። ሌላው ዘርፍ ከዚህ ደንበኛ ጋር ክፍት የሽያጭ ጉዳይ መኖሩንና ተጠሪው ማን እንደሆነ ማወቁ ይበቃዋል፤ መጠኑንና ቅናሹን ማየት አያስፈልገውም። ጉዳይ ካለው ደውሎ ይጠይቅ። ኮሚሽኑንም ከደንበኛው ባለቤትነት አውጥታችሁ ከውሉ ባለቤት ጋር እሰሩት። ይህ የሶፍትዌር ሥራ አይደለም፣ የሰው ኃይልና የአመራር ውሳኔ ነው፤ ሳይወሰን ግን የትኛውም ሮል አይሠራም።

ደመና ላይ፦

ሽያጭ ላይ ነኝ ያሉት ትክክል ነው፤ በሲስተሙም ይሠራል። የሽያጭ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ ስለሆነ የማንበብ ፈቃዱ በዘርፍ ደረጃ ይቆያል። በደንበኛው መዝገብ ላይ ደግሞ ክፍት ጉዳይ መኖሩንና የተጠሪውን ስም ብቻ የሚያሳዩ ሁለት መስኮች ተጨምረው በፍሎው (በራሱ በሚሠራ የሲስተም ሂደት) ይሞላሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፍሎው የሚሠራው ግንኙነቱ በተዋቀረበት አካውንት ፈቃድ በመሆኑ ነው፤ ሁሉን በሚያይ አካውንት ከሠራና አንድ ሰው ነገ “መጠኑንም እንጨምር” ብሎ ሦስተኛ መስክ ቢያክልበት፣ አጥሩ ከጀርባ ተከፈተ ማለት ነው።

ሌላ አሠራር፦

እኛ የምንጠቀመው ሴልስፎርስ የተባለውን ሌላ የደንበኛ መዝገብ ሲስተም ስለሆነ ልዩነቱን ለማወዳደር ያህል ልጻፍ። እዚያ የሚጀመረው ከመሠረታዊው የድርጅት ደረጃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት መዝገብ ዝግ፣ ለንባብ ክፍት ወይም ለማረም ክፍት ተብሎ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት የማጋሪያ መንገዶች፣ የሮል ተዋረድም ሆነ የማጋሪያ ደንብ ወይም የአካውንት ቡድን፣ መክፈት እንጂ መዝጋት አይችሉም። ስለዚህ መሠረቱን ከፍቶ ኋላ ላይ በደንብ አጠብበዋለሁ የሚል ሰው መንገዱን ስቷል፤ ሊዘጋ የሚፈልገው አንድም ነገር ካለ መሠረቱ ዝግ ሆኖ መጀመር አለበት። ጥሩ ጎኑ የደንበኛ ማጋሪያ ደንብ ሲጻፍ ከሥሩ ያሉት የሽያጭ ጉዳዮችና የአገልግሎት ጥያቄዎች በምን ደረጃ እንደሚከፈቱ ለየብቻ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

አንድ ወጥመድም አለ። የጋራ ደንበኞች ሁሉ ባለቤት አንድ የሲስተም አካውንት ይሁን የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል፤ ቀላልም ይመስላል። ሴልስፎርስ አንድ ተጠቃሚ ከ10,000 በላይ የአንድ ዓይነት መዝገቦች ባለቤት ሲሆን የባለቤትነት መዛባት ይለዋል፤ ያ ተጠቃሚ በተዋረዱ ውስጥ ቦታ ሲቀይር የማጋራት ስሌቱ በሙሉ እንደገና ስለሚሠራ ሲስተሙ ይጎተታል። የግድ ከሆነ ያ አካውንት ሮል ሳይሰጠው ቢቀመጥ ይሻላል።

ሰነድ መርማሪ፦

በግል መረጃ ጥበቃ በኩል የተባለ ነገር ስላላየሁ ልግባ። ሦስቱ ዘርፎች በሕግ አንድ ድርጅት ናቸው ወይስ ሦስት? ቢዝነስ ዩኒት የሶፍትዌር አደረጃጀት ነው፤ ሕጉ የሚያውቀው ሕጋዊ ሰውነትን ነው። ከግንቦት 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ (ጂዲፒአር) ለምሳሌ፣ በአንቀጽ 5 መሠረት የግል መረጃ ለተገለጸ ዓላማ ተሰብስቦ ከዚያ ጋር ለማይጣጣም ሌላ ዓላማ ሊውል አይገባም። የሕጉ መግቢያ በ48ኛው ነጥቡ፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ድርጅቶች የደንበኛ መረጃን ለውስጥ አስተዳደር ለመለዋወጥ ተገቢ ጥቅም ሊኖራቸው እንደሚችል ያነሣል፤ ይህ ግን የፋይናንስ ማመልከቻ ላይ የተሞላ የገቢ መግለጫ ለሽያጭ ቅስቀሳ እንዲውል የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ደንበኛው ኩባንያ ቢሆንም ተጠሪ ሆኖ የተመዘገበው ሰው የግል መረጃ ባለቤት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የግድ መጋራት ያለበት አንድ መስክ አለ፤ ለማስታወቂያ አትደውሉልኝ የሚለው ምልክት ነው። በአንቀጽ 21 መሠረት ሰውየው የቀጥታ ግብይትን ሲቃወም መረጃው ለዚያ ዓላማ መዋሉ ይቆማል፤ ተቃውሞውም የሚቀርበው ለድርጅቱ እንጂ ለአንድ ቢዝነስ ዩኒት አይደለም። ሦስት የተደጋገሙ መዝገቦች ካሉ ግን ምልክቱ በአንደኛው ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ሁለቱ መደወላቸውን ይቀጥላሉ። ከምናየው አቤቱታ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነው። አመራሩ ለማዋሃዱ ሥራ በጀት እንዲፈቅድ የሚያሳምን ምክንያት ከፈለጉ ይህን ያቅርቡ።

የሲስተም ሰው፦

ሦስቱም ዘርፎች በአንድ ሕጋዊ ድርጅት ሥር ናቸው። ስለ አትደውሉልኝ ምልክት የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ፈትሼ፣ በአንዱ ዘርፍ የተቃወሙ ሰዎች በሌላው ክፍት ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ዛሬውኑ ለኃላፊው አሳውቄያለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የዱቤ ጣሪያው በዋናው የደንበኛ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ንባብን ለሁሉም ብከፍት ይታያል። ደግሞም ሠራተኞቻችን ከዘርፍ ወደ ዘርፍ ብዙ ይዛወራሉ፤ እስካሁን አንድ ሰው ሲዛወር ሮሎቹ በሙሉ እየጠፉ መዝገቦቹም አብረውት እየሄዱ ተቸግረናል።

ሁለተኛ ዙር፦

ከኋለኛው ልጀምር። ባለቤትነትን ለሰው ሳይሆን ለየዘርፉ ቡድን ስጡ፤ ሰው ሲዛወር ከአንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ መዝገቡ ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚህ በተጨማሪ ዳታቨርስ በቢዝነስ ዩኒቶች መካከል ባለቤትነትን የሚፈቅድ ቅንብር አለው። ሲበራ ለአንድ ተጠቃሚ ከራሱ ውጭ ያለ ዘርፍ ሮልም ሊሰጠው ይችላል፤ የመዝገቡም ዘርፍ ከባለቤቱ ዘርፍ ተነጥሎ ሊቀመጥ ይችላል። በሁለት ዘርፍ በግማሽ በግማሽ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የዱቤ ጣሪያው በኢአርፒ ቤት ሐሳብ መሠረት ወደ ዘርፉ ሠንጠረዥ ይውረድ። እስከዚያው በመስኩ ላይ የኮለም ሴኩሪቲ (አንድን መስክ ብቻ የሚሰውር መከላከያ) ይብራ። ሲበራ ግን ከሲስተም አድሚን በስተቀር ፕሮፋይል (መስኩን የማየት ፈቃድ) ላልተሰጠው ሁሉ ይሰወራል፤ ጣሪያውን እያነበበ ትእዛዝ የሚያግድ ኢንተግሬሽን (ከሌላ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ካላችሁ የሚሠራበትን አካውንት መጀመሪያ ፕሮፋይሉ ውስጥ አስገቡት፤ አለበለዚያ ባዶ እያነበበ ሁሉንም ትእዛዝ ሊያሳልፍ ወይም ሁሉንም ሊያግድ ይችላል።

መዝገብ አጥሪ፦

ሪፖርቶችንም አትርሱ። የሪፖርት መሥሪያው ፓወር ቢአይ ዳታውን ገልብጦ በሚወስድበት ዘዴ ሲሠራ፣ የሚያነበው ማደሻው በተዋቀረበት አካውንት ስለሆነ የዳታቨርስ አጥር ወደ ሪፖርቱ አብሮ አይሄድም። ሲስተሙ ውስጥ የተሰወረ የዱቤ ጣሪያ በሳምንታዊው የአመራር ሪፖርት ላይ ተዘርግቶ ለሁሉም በኢሜል ሲላክ ያየሁበት ቤት አለ። ለሪፖርቱ የራሱ አጥር መጻፍ አለበት።

የሲስተም ሰው፦

የተወሰነውን ላሳውቃችሁ። ዋናው የደንበኛ መዝገብ ለንባብና ለአፔንድ ቱ በድርጅት ደረጃ ይከፈታል፤ ማረሙ ለጥቂት ሰዎች ቡድን ብቻ ይሆናል። የየዘርፉ ሁኔታ በተለየ ሠንጠረዥ በየዘርፉ ቡድን ባለቤትነት ይቀመጣል፤ የሽያጭ ጉዳዮች ዝግ ሆነው ይቆያሉ። የሽያጭ ኃላፊው ኮሚሽኑ ከውሉ ጋር እንደሚታሰር በጽሑፍ ከተረጋገጠለት እንደሚስማማ ተናግሯል፤ ያ ገና በአመራር ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን የምጠይቀው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ላዋህድ ወይስ መጀመሪያ ፈቃዱን ልክፈት?

መዝገብ አጥሪ፦

መጀመሪያ የሚሰወሩትን መስኮች ሰውሩ፤ ንባብ ከተከፈተ በኋላ የታየን ነገር መልሶ ማስረሳት አይቻልም። ቀጥሎ ንባብን ክፈቱ። ማዋሃዱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ደንበኛው ቀድሞ መኖሩን ፈልጎ ማየት ካልቻለ እናንተ በአንድ በኩል ስታዋህዱ እሱ በሌላ በኩል አዲስ ድግግሞሽ ይፈጥራል። ከዚያ አዋህዱ፤ የአትደውሉልኝ ምልክት ያለበት መዝገብ ሲዋሃድ ምልክቱ ያለው ዋጋ እንዲያሸንፍ አድርጉ፣ የትኛውም መዝገብ ዋና ቢሆን። የማረም ፈቃዱን ከዘርፎቹ የምታነሡት በመጨረሻ ነው፤ ቀድማችሁ ካነሣችሁት ስልክ ቁጥር የሚያስተካክል ሰው ጠፍቶ ጥያቄው ሁሉ እናንተ ላይ ይከመራል።

ደመና ላይ፦

በየደረጃው ስትፈትኑ ደግሞ በአድሚን አካውንት አትፈትኑ። ለእያንዳንዱ ዘርፍ የእውነተኛ ሠራተኛ ሮል ብቻ ያለው የሙከራ ተጠቃሚ ፍጠሩና በእሱ የሌላ ዘርፍ ደንበኛን ፈልጉ፣ ጉዳይ አያይዙበት፣ ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጡት። የኤክሴሉን ፋይል ከፍታችሁ መሰወር ያለበት ዓምድ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።